«ይሄዳል» አትበሉኝ!

እጄ ግራሶ ነው። ስልኩን የምነካው በትንሿ ጣቴ ነው፤ የፊደል ግድፈት ካያችሁ እለፉኝ። ቁጣዬ ሳይበርድ ልጻፈው ብዬ ነው። ከበረደማ «ምን አለበት» ብዬ እንደምተወው ራሴን አውቀዋለሁ።

ነገሩ አንድ ብሎን ነው። አዎ፣ አንድ ብሎን። ሰው በዘይትና በጤፍ ዋጋ በሚያለቅስበት ዘመን እኔ ለብሎን ላለቅስ ነው። ማለፍ የፈለገ ይለፍ።

ዛሬ ጠዋት አንድ ወዳጄ አሮጌ ትራክተሬን ስጠግን ሊረዳኝ መጣ። ቡና እየተቆላ ነበርና እጄን ልታጠብ ወደ ውስጥ ገባሁ። ሁለት ደቂቃ አልቆየሁም። ስመለስ ወዳጄ 13 መፍቻ ላይ በሁለት እጁ ተንጠልጥሎ ያቃስታል። «ኧረ ተው! እሱ 13 አይደለም!» አልኩት። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «ይሄዳል፣ ይሄዳል» አለኝ። ሁለተኛውን «ይሄዳል» ሳይጨርስ መፍቻው ሾለከ። የብሎኑ ራስ ተላጠ። የወዳጄም ጣት ከብረት ጋር ተላትሞ ተላጠ። ባለ ስድስት ጎን የነበረው ብሎን አሁን እንደ ሽምብራ ድቡልቡል ብሏል።

ልቆጣው አልቻልኩም። ሰውየው እየደማ ነው። ባለቤቴ ፕላስተር ይዛ ወጥታ «አንተው ነህ ያስለፋኸው» አለችኝ። ይቅርታ የጠየቅኩት እኔ ነኝ!

እስቲ ከሥሩ ልንገራችሁ። የዛሬ አራት ዓመት እዚሁ ደብረ ብርሃን ያገለገሉ ዕቃዎች ጨረታ ወጥቶ ነበር። እኔ የፈለግኩት የፋይል ካቢኔት ነው። ካቢኔቱ ግን ብቻውን አይሸጥም፤ ከተሰባበረ ወንበር፣ ከዛገ ቆርቆሮና «ልዩ ልዩ ብረታ ብረት» ከሚባል ነገር ጋር በአንድ ምድብ ነው። ልዩ ልዩ ብረታ ብረቱን ገለጥ ሳደርገው ትንሽዬ ትራክተር ሆኖ ተገኘ። ቁመቱ ከአህያ አይበልጥም። ቢጫና ነጭ ቀለሙ በዝገቱ መሃል ብቅ ብቅ ይላል። ካቢኔቱን እስከ ዛሬ አልከፈትኩትም።

ካብ ካዴት ይባላል። ትልልቅ የእርሻ ትራክተር የሚሠራው የአሜሪካው ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር በፈረንጆቹ 1961 ለጓሮ ብሎ ያወጣው ነው። እኛ ዘንድ የታኅሣሥ ግርግር ወሬ ገና ሳይበርድ ማለት ነው። እነሱ ሣር ያጭዱበታል፣ በረዶ ይገፉበታል፣ የጓሮ አትክልት ያርሱበታል። የኔው 10 ፈረስ ጉልበት ያለው፣ ባለ 1 ሲሊንደር የኮህለር ሞተር አለው። የቤንዚን ነው። የሚቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ ራዲያተር የለውም። ብሎኩ፣ የሞተሩ ገላ ማለቴ ነው፣ ጊዛ (ቀልጦ የፈሰሰ ብረት) ነው፣ ትውልድ ይሸኛል። ጉልበቱን ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው በቺንጊያ ሳይሆን እንደ ትልቅ መኪና በዘንግ ነው። ልቤን የወሰደው ይሄ ነው። በዕድሜ ከኔ ስለሚበልጥ አንቱ ልለው ምንም አልቀረኝም።

አንድ ችግር አለበት። አሜሪካዊ ነው። የሚያስበው በኢንች ነው።

እዚህ አገር መፍቻ ማለት በሚሊ ሜትር 10፣ 12፣ 13፣ 14፣ 17 ነው። የሱ ብሎን ራስ ግን ስፋቱ ግማሽ ኢንች ነው። ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። 13 መፍቻ ስታስገባበት ይገባል፤ ችግሩም መግባቱ ነው። ሦስት አሥረኛ ሚሊ ሜትር ይጫወታል። በጣት የሚፈታ ብሎን ከሆነ ግድ የለም። ጠበቅ ያለ ከሆነ ግን መፍቻው ጥግ ጥጉን ግጦት ይወጣል። ከሱ ከፍ የሚለው 9/16 ደግሞ 14.3 ነው። 14 እምቢ ይላል፣ 15 ደግሞ ይዋኝበታል። በዚህ መሃል 3/4 የሚባል ጉደኛ አለ፣ 19.05 ነው። ከ19 መፍቻ ጋር ልክክ ይላል። እኔን የገደለኝ እሱ ነው። አንዴ 19 ሲገጥም ያየ መካኒክ ሁሉም የሚገጥም ይመስለዋል። «አየህ? አላልኩህም?» ይልሃል። ከዚያ 13ቱን ያነሳል።

ወደ ዲናሞው ልምጣ፣ የዛሬው ብሎን የሱ ነው። ይሄ ትራክተር ሞተሪኖና ዲናሞ ለየብቻ የለውም። አንድ ዕቃ ነው ሁለቱን የሚሠራው። ቁልፍ ስትሰጠው በቺንጊያ ሞተሩን ያዞራል፤ ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ በዚያው ቺንጊያ እሱ ይዞርና ባትሪ ይሞላል። ይህንን ለአንድ ኤሌክትሪሺያን ሳስረዳ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። «ሞተሪኖው የት አለ?» አለኝ። «ይኸው።» «እሱ ዲናሞ ነው።» «ሁለቱንም ነው።» ዝም ብሎ አየኝና «አይሆንም፣ አንዱን ይምረጥ» አለኝ።

የዚህ ዲናሞ መያዣ ከብሎኩ ጋር የሚታሰርበት አንድ ቀዳዳ 5/16 ነው፣ 7.9 ሚሊ ሜትር። ጥርሱ በአንድ ኢንች ውስጥ 18 ነው። ከኔ በፊት የነካካው ሰው 8 ሚሊ ብሎን አስገብቶበታል። ይሄዳላ! 8 እና 7.9 ምን ልዩነት አላቸው? ልዩነቱ ጥርሱ ነው። የሚሊው ጥርስ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ የኢንቹ ሰፋ ያለ። ሁለት ዙር በጣት ሰተት ይልልሃል። ሦስተኛው ላይ ይነክሳል። እዚህ ጋ ቆም ብሎ «ለምን ነከሰ?» የሚል ሰው ብሎኑን ያወጣዋል። «ይሄዳል» የሚል ሰው ረጅም መፍቻ ያመጣል። ሰውየው ረጅም መፍቻ አምጥቷል። 60 ዓመት ገደማ የኖረ ጥርስ በአንድ ከሰዓት ዱቄት ሆነ።

አሁን ደግሞ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ፣ አለዚያ ፍርደ ገምድል እሆናለሁ።

ሞተሩ መጀመሪያ የተነሳ ጊዜ ጭሱ ግቢውን አጨለመው። የሰፈሩ መካኒክ ከሩቅ አይቶ «ፋሻ በልቷል፣ የፒስቶኒው ፋሻ ይቀየርለት» አለ። ፋሻ የሚሉት ፒስቶኒው ላይ የሚጠመጠመውን የብረት ቀለበት ነው። እኔም «ይሆናል» አልኩ። 130 ኪሎ ሜትር ሄጄ አዲስ አበባ ላምበረት ወረድኩ፣ ከላምበረት ወደ መለዋወጫ ሰፈሩ ሶማሌ ተራ። የሲሊንደሩ ስፋት 3 ከሩብ ኢንች ነው፣ 82.55 ሚሊ ሜትር። ወረቀት ላይ ጽፌ ይዣለሁ።

«የምን መኪና ነው?»

«ትራክተር ነው፣ የጓሮ።»

«ማሴ ነው?»

«አይደለም።»

«ፊያት?»

«አይደለም። 82.55 ፋሻ አለ?»

«82 አለ። 83ም አለ።»

«ነጥብ 55ቷስ?»

ልጁ ሳቀ። ጓደኞቹን ጠርቶ አሳቃቸው። «ጋሼ፣ በግማሽ ሚሊ ይጨነቃሉ? ይውሰዱት፣ ይሄዳል።» እንግዲህ 82ቱ ቢገባ ጫፍና ጫፉ ተራርቆ ኮምፕረሽኑ ያፈተልካል። 83ቱ ደግሞ ጫፍ ለጫፍ ይጋፋና ሲግል ሲሊንደሩን ይቧጥጠዋል። ባዶ እጄን ተመለስኩ። ሁለት ጊዜ ደግሜ ሄጄ ባዶ እጄን ተመለስኩ።

በሦስተኛው ጉዞ፣ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ ነው የበራልኝ። የኔ ጭስ ጥቁር ነበር። ዘይት የሚያቃጥል ሞተር ጭሱ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ጥቁር ማለት ቤንዚን በዝቶበታል ማለት ነው። ደብረ ብርሃን ከባህር ወለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ነች። አየሩ ባህር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ይሳሳል። ሯጭ እዚህ መጥቶ ሳንባውን ያሰፋል፤ ሞተር ሳንባ አያሰፋም። ካርቡራቶሩ ለቆላ አየር የተመጠነውን ቤንዚን ይለቃል፣ አየሩ ግን አይበቃም። እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ ፈትቼ ሳየው እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል።

መፍትሔው ካርቡራቶሩ ላይ ያለች አንዲት መርፌ ናት። በካቻቢቴ ወደ ውስጥ ሩብ ዙር። ከዚያ ትንሽ። ከዚያ ትንሽ። ጭሱ ጠፋ። ፋሻው ምንም አልሆነም ነበር! ሦስት ጊዜ አዲስ አበባ የተመላለስኩት፣ የትራንስፖርቱን የከፈልኩት፣ ሶማሌ ተራ መሳቂያ የሆንኩት መካኒኩ ከሩቅ አይቶ ስለፈረደ ነው። እኔ ቀርቤ ሳላይ ስለተቀበልኩም ነው። ያን ቀን «ይሄዳል» ያልኩት እኔ ነኝ።

ጉልበቱ ግን አልተመለሰም። አየር ከሌለ ከየት ይመጣል? 10 ፈረስ ተብሎ የተጻፈው እዚህ ሰባት ተኩል ቢሆን ነው። የቀሩት ፈረሶች ዳገቱን አልወጡትም።

ያም ሆኖ ያን ቀን ሠራ። አሥራ አንድ ደቂቃ፣ ቱክ ቱክ ቱክ እያለ። የሰፈር ልጆች አጥር ላይ ተሰቀሉ። ጎረቤቴ ጋቢውን እንደተከናነበ መጣና «ይሄዳል?» አለኝ። «ይነሳል እንጂ ገና አይሄድም» አልኩት። «ታዲያ ምን ያደርግልሃል?»

ይሄ ጥያቄ ራሱን የቻለ ብሶት ነው። ምን ያደርግልሃል? ሣር ማጨጃ ነው ስላቸው «በግ እያለን?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፣ በዚህ አገር ሣር ለማጨድ ሞተር ማስነሳት በበግ ሥራ መግባት ነው። አጎቴ ከጫጫ በመጣ ቁጥር «ሸጠህ ሁለት ጊደር ግዛ» ይለኛል። ማን ነው በሁለት ጊደር የሚገዛኝ? ቁራሌው ደግሞ በየሳምንቱ በራችን ላይ ቆም ይላል። ወደ ውስጥ አይገባም፣ አይጮህም። አንገቱን ብቻ አስግጎ «ጋሼ፣ አልደረሰም?» ይለኛል። በሽተኛ ያለበት ቤት የሚመላለስ ሣጥን ሠሪ ነው የሚመስለኝ።

የባናው ነገርም አለ። አማቴ ከመንዝ ይዘውልን የመጡት፣ ከበግ ጠጉር የተሠራ፣ ውርጭ የማያሳልፍ ባና ነበረን። ነበረን ያልኩት በምክንያት ነው። ኅዳር ሲገባ ሌሊቱ እንደምታውቁት ነው፣ ዘይቱ እንደ ማር ይወፍርና ጠዋት ሞተሩ አልዞርም ይላል። አንድ ሌሊት ብቻ ብዬ አለበስኩት። አማቴ ለጥምቀት መጡ። ትራክተሩን አዩት፣ ባናውን አዩት፣ እኔን አዩኝ። ምንም አላሉም። ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለ ቤንዚን አላወራም፣ ደሜ ይፈላል። በጀሪካን አይቀዳም። ሰሌዳ አምጣ ይሉኛል። ትራክተሩ ሰሌዳ የለውም። ነድተህ አምጣው ይሉኛል። በምን ልንዳው?

ወደ ብሎኑ። ጠባሴ አካባቢ አንድ የቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ባለሙያ አሉ። ሽማግሌ ናቸው፣ ወሬ አይወዱም። ያን የተበላሸ ቀዳዳ ይዤ የሄድኩት እሳቸው ጋ ነው። እሳቸው ሳይሉኝ ልቅደም ብዬ «8 ሚሊ ቢገባስ? ይሄድ ይሆን?» አልኳቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። ካሊብሮ አወጡ። ለኩ፣ ጠረጉት፣ ደግመው ለኩ። ከዚያ «አይሄድም» አሉኝ።

እግራቸውን ልስም ምንም አልቀረኝ። በአራት ዓመት ውስጥ መጀመሪያ የሰማሁት «አይሄድም» ነው!

ቀዳዳውን አስፍተው ቦኮላ፣ ማለትም ክብ የብረት እጅጌ፣ ቀረቀሩበት። በኢንች 18 ጥርስ እንዲያወጣ የቶርኖውን ማርሽ ቀየሩ። ብሎኑን ከቁራጭ ብረት ነው የሠሩት፣ ከዜሮ። ራሱን ግማሽ ኢንች አድርገው፣ ስድስቱንም ጎን አስተካክለው። ብረቱ ለስለስ ያለ ነው፤ «በልኩ መፍቻ ካልሆነ እንዳትነካው» ብለውኛል። ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ። የጠየቁኝ ገንዘብ ያሳፍራል፣ ትንሽ ነው።

ዛሬ ጠዋት ቺንጊያዋ ላልታ ነበር። ዲናሞውን ገፋ አድርጎ ለማጥበቅ አንድ ብሎን ላላ ማድረግ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። የትኛው ብሎን እንደሆነ ገብቷችኋል።

ሽማግሌውን ፍለጋ ሄጄ ነበር። ቤታቸው ዝግ ነው፣ ለተዝካር ጅሩ ሄደዋል አሉኝ። የቅዳሜ ሳምንት ይመለሳሉ። ምን ብዬ እንደማያቸው አላውቅም። ወዳጄ ደግሞ ጣቱን ጠቅልሎ ሦስተኛውን ቡና እየጠጣ «ሳልዳቱራ ቤት ወስደን ራሱ ላይ ሌላ ዳዶ ብናስበይደው…» እያለ ነው። ሐሳቡ እውነት ለመናገር መጥፎ አይደለም። የተላጠ ብሎን የሚወጣው እንደዚያ ነው። ግን ዓረፍተ ነገሩን በምን እንደሚጨርሰው ስለማውቅ ተነስቼ ወጣሁ።

ስለዚህ ደብረ ብርሃን፣ ጫጫ፣ ሸኖ፣ ደብረ ሲና ያላችሁ፤ ከድሮ ፕሮጀክት የቀረ፣ ከአባት የተወረሰ፣ ሣጥን ሥር የተረሳ የኢንች መፍቻ ያላችሁ ሰዎች ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ለሁለት ሳምንት ተውሼ እመልሳለሁ፣ ከፈለጋችሁ አስይዤ። ግማሽ ኢንች ነው የምፈልገው። ላዩ ላይ 1/2 የሚል ነው። ፎቶ ከመላካችሁ በፊት ቁጥሩን እዩልኝ። 13 የሚል ከሆነ አትላኩት።