«ባስ ከባድ ድምፅ ነው፣ በቀጭን ገመድ አያልፍም»

እንዲህ ነው ያለኝ። የድምፅ ዕቃ የሚሸጥ ሰው! ይቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁት፤ ጭራሽ አይቀልድም። ድምፅም በኪሎ መመዘን ጀመረ ማለት ነው።

የጠየቅኩት ምን ነበር? አንድ ነጠላ አርሲኤ ኬብል (ያ ለዲቪዲ የምንሰካው ዓይነት ገመድ)፣ አምስት ሜትር። በቃ። ሪሲቨሩ (ድምፁን ለስፒከሮቹ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ወዲያ፣ ሰብዉፈሩ (ባሱን፣ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ስፒከር) ወዲህ ነው የተቀመጡት፤ አብሮት የመጣው ገመድ አይደርስም።

«ለምንድነው?»
«ለሰብዉፈር።»
«እሱማ የራሱ ኬብል አለው!» ብሎ ከመስታወቱ ውስጥ አውራ ጣቴን የሚያህል፣ ጫፉ ወርቅ የተቀባ፣ ቀስት የተሳለበት ነገር አወጣ። ሳጥኑ ራሱ ከሰብዉፈሬ በላይ ያምራል።

በትሕትና፣ እደግመዋለሁ፣ በትሕትና «ተራውም ይሠራል እኮ፤ ከሪሲቨሩ የሚወጣው ትንሽዬ ሲግናል ነው፣ የሚያጎላው ሰብዉፈሩ ውስጥ ያለው አምፕሊፋየር ነው» አልኩት።

«እህቴ» አለኝ። ይቺ «እህቴ» ከመጣች ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ሴቶች እናውቃለን። «እህቴ፣ ቤት ወንድ የለም? እሱን ላኪው፣ እኛ እንግባባለን።»

እኛ እንግባባለን!!! ከኋላዬ የቆመው ሰውዬ ደግሞ ሳቀ። አንተ ምን አገባህ? ቻርጀርህን ገዝተህ ሂድ!

ባለፈውም ላፕቶፔን ለጥገና ስወስድ «ፓስወርዱን ማን ነው የሞላልሽ?» ተብያለሁ። ያን ቀን ዝም አልኩ። ዛሬ ግን እዚሁ እተነፍሳለሁ፤ ስሙኝ።

5.1 ሲባል አምስቱ ዋናዎቹ የድምፅ ቻናሎች ናቸው፤ ያቺ «.1» የባሷ ቻናል ናት፤ ኤልኤፍኢ የሚሏት። እስከ 120 ኸርዝ (በሰከንድ 120 ጊዜ መርገብገብ) ድረስ ብቻ ነው የምትሄደው። ለአንድ ገመድ ከዚህ የቀለለ ሥራ የለም! ገመድ የሚቸገረው ወደ ላይ፣ ወደ ቀጭኑ ድምፅ ሲኬድ ነው፤ ያውም በጣም ሲረዝም። ድሮ ለዲቪዲ የምንሰካት ቢጫዋ ገመድ በሚሊዮን የሚቆጠር ኸርዝ ምስል ስታሳልፍ ኖራ 120 ኸርዝ ያቅታታል? እሷው ራሷ ትሠራለች። ነጭ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ ቀለሙ ለእኛ ነው እንጂ ለሲግናሉ አይደለም።

ወፍራም ሽቦ የሚያስፈልገው የራሱ አምፕሊፋየር ለሌለው ሰብዉፈር ነው፤ እሱ ደግሞ በስፒከር ሽቦ ነው የሚገናኘው፣ ሌላ ነገር ነው። የእኔ እኮ የራሱ አምፕሊፋየር ስላለው ኤሌክትሪክ ሶኬት ላይ ይሰካል! ብዬ ነገርኩት። አልሰማኝም። ስለ ወርቁ ይሰብከኛል። ወርቅ አይዝግም፣ ጥሩ ነው፣ ግን ባስ አይጨምርም። ቀስቱን ስጠይቀው ደግሞ «ባሱ በዚህ በኩል ይፈሳል» አለኝ። ሲግናሉ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ነገር ነው፣ ወዴት ነው የሚፈሰው? አንዳንዱ ገመድ ሺልዱ (ከውጭ ጩኸት የሚከላከለው የሽቦ ሽፋን) በአንድ ጫፍ ብቻ ስለሚታሰር ነው ቀስት የሚደረግበት።

ሺልድ ካነሳን አይቀር፣ እሱ እንኳ ቁም ነገር ነው። ረጅም ገመድ ሲሆን ጥሩ ሺልድ ከሌለው ከኤሌክትሪክ መስመር ጩኸት ይለቅማል። እሱን ቢለኝ እሺ እል ነበር። ግን «ዝዝዝ» ያለ ሁሉ የገመድ ጥፋት አይደለም። ወንድሜ ራሱ ሰብዉፈሩ ሲያጉረመርም «ርካሽ ገመድ ነው፣ ቀይሪው» ብሎ ስንት ቀን አደረቀኝ። ሪሲቨሩንና ሰብዉፈሩን አንድ ሶኬት ላይ ሰካኋቸው፣ ጠፋ። የግራውንድ፣ የመሬት መስመሩ ነገር ነበር። አመሰገነኝ? ዝም ብሎ ፊልሙን ቀጠለ።

ልወጣ ስል ደግሞ «ሰብዉፈሩ ኋላው ሁለት ቀዳዳ ካለው ለሁለት የሚከፈለውን ገመድም ውሰጂ» አይለኝም? አንዱ ላይ ኤልኤፍኢ ተብሎ ተጽፏል፣ እሱ ላይ አንድ ገመድ ይበቃል! ያው ጥቁር ላይ በጥቁር ነው የጻፉት፣ በስልክ መብራት ተኝቼ ነው ያነበብኩት። ለዚህም ብሶት አለኝ፣ ሌላ ቀን።

«ሳውንድባር (ያን ከቲቪ ሥር የሚቀመጠውን ረጅም ስፒከር) ግዢና ተገላገይ» የምትሉኝ፣ አታናግሩኝ።

አምስት ሜትር ነጠላ አርሲኤ ያላችሁ፣ ቀለሙ ምንም ይሁን፣ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ለመውሰድ የምመጣው ራሴ ነኝ፣ ወንድ አልልክም።