ያልተዘመረለት ማለት እንዲህ ነው

ኧረ በፈጠራችሁ! «ያልተዘመረለት ተዋናይ» በተባለ ቁጥር አገር ያወቀውን ኮከብ መጥራት ምን የሚሉት ነው? አሜሪካዊው ተዋናይ ጆን ካዛል ከ1972 እስከ 1978 እ.ኤ.አ. የታዩ 5 ረጅም ፊልሞች ብቻ አሉት፤ አምስቱም ለምርጥ ፊልም ኦስካር ታጭተው ሦስቱ አሸንፈዋል። እሱ ግን አንዴም አልታጨም። «ጎድፋዘር» ላይ አባቱ ላይ ሲተኮስ፣ ሽጉጡ ከእጁ አምልጦት መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ሲያለቅስ እስቲ ደግማችሁ እዩት። ወሬው ሁሉ ግን አብሮት የተወነው አል ፓቺኖ፣ አል ፓቺኖ!

ጭራሽ ካዛል ያለበትን «ዘ ኮንቨርሴሽን»ን (1974) በስልክ ስፒከር አይተው «ይደብራል» የሚሉ አሉ። የታሪኩ ቁልፍ እኮ ያለው ተጠልፎ በተቀዳው ድምፅ ውስጥ ነው! ያለ ጆሮ ማዳመጫ ግማሹ ያመልጣል፤ ተራኪ ከላይ ካወራበትማ አለቀለት። 113 ደቂቃ ነው፣ ምን አጣደፋችሁ?