ከመኝታ በፊት የሚወጉት ፔፕታይድ

ሰሞኑን ቲክቶክ ላይ የፔፕታይድ (የፕሮቲን አጭር ቁራጭ ማለት ነው) ወሬ በዝቷል። ጡንቻው የፈረጠመ ልጅ ትንሽ ብልቃጥ ያሳያል። ማታ ሆድህ ላይ ተወግተህ ተኛ፣ የእድገት ሆርሞንህ ይጨምራል፣ እንቅልፍህም ይጠልቃል ይላል። ብዙዎቹ ብልቃጦች ላይ በደቃቅ ፊደል "ለምርምር ብቻ፣ ለሰው የሚሰጥ አይደለም" የሚል ጽሑፍ አለ። እሱን አያነብም።

ነገሩ ሙሉ ለሙሉ ውሸት ቢሆን ቀላል ነበር። ግማሹ እውነት መሆኑ ነው ችግሩ።

የእድገት ሆርሞን የሚመነጨው አንጎል ሥር ካለችው ፒቱታሪ ዕጢ ነው። ቀኑን ሙሉ እኩል አይፈስም፤ ገንፈል ይልና ይቆማል። በወንዶች ትልቁ የሚመጣው እንቅልፍ እንደወሰዳቸው፣ የመጀመሪያው ጥልቅ እንቅልፍ ላይ ነው። ሴቶች ላይ ቀንም ደጋግሞ ይለቀቃል፤ ሻጮቹ ይህን ሲያነሱ ግን ሰምቼ አላውቅም። በ1968 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ታካሃሺና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት የመኝታ ሰዓት ሲዘገይ ሆርሞኑም አብሮ ዘግይቷል። ስለዚህ ዋናው ቀስቃሽ የግድግዳው ሰዓት ሳይሆን እንቅልፉ ራሱ ነው።

አሁን ወደ ብልቃጡ። ገበያ ላይ ያሉት የእድገት ሆርሞን ቀስቃሽ ፔፕታይዶች ሁለት ቤተሰብ ናቸው። አንደኛው፣ እነ ሰርሞሬሊንና ቴሳሞሬሊን፣ ከአንጎል ወደ ፒቱታሪ "ልቀቂ" ብሎ የሚያዘውን ሆርሞን ይመስላል። ሁለተኛው፣ እነ ጂኤችአርፒ-6 እና ኢፓሞሬሊን፣ ጨጓራ የሚያመነጨውን ግሬሊን የተባለ ሆርሞን ይመስላል። ግሬሊን በ1999 ጃፓን ውስጥ የተገኘው የእድገት ሆርሞን ቀስቃሽ ሆኖ ነው፤ የረሃብ ስሜትም እንደሚቀሰቅስ የታወቀው በኋላ ነው። ጂኤችአርፒ-6 የተወጋ ሰው ቶሎ የሚርበውም ለዚህ ነው። ሸንቀጥ ልበል ብሎ ለገዛው ሰው መቼም ይህ መልካም ዜና አይደለም።

ሁለቱም ሰው ነቅቶ ሳለ ቢወጋቸውም ሆርሞኑን ከፍ ያደርጋሉ። ልዩነቱ እንቅልፍ ላይ ነው። የእንቅልፍ ተመራማሪዋ ኢቭ ቫን ካውተርና ባልደረቦቿ በ1992 ባወጡት ጥናት፣ የመጀመሪያውን ቤተሰብ ትእዛዝ በጥልቅ እንቅልፍ ሰዓት ሲሰጡት ምላሹ ነቅቶ ካለው ይልቅ ጎላ፤ ሰውየው ሲነቃ ደግሞ ልቀቱ ተገታ። መርፌ ወግቶ እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ስልክ የሚያገላብጥ ሰው ራሱን እየተቃረነ ነው።

"እንቅልፍ ያጠልቃል" የሚለውስ? በጀርመን በጤነኛ ወንዶች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች የመጀመሪያው ቤተሰብ ጥልቅ እንቅልፍን ጨመረ። ጂኤችአርፒ-6 ግን የጨመረው መካከለኛውን የእንቅልፍ ደረጃ እንጂ ጥልቁን አይደለም። ሻጩ የአንዱን ውጤት ወስዶ ሌላው ብልቃጥ ላይ ይለጥፋል። እኔን የሚያበሳጨኝ እዚህ ጋ ነው።

መድኃኒቶቹን አልቃወምም። ቴሳሞሬሊን በ2010 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ኤችአይቪ ላለባቸው ሰዎች የሆድ ስብ መቀነሻ ነው። ጂኤችአርፒ-2 ጃፓን ውስጥ የሆርሞን እጥረትን ለመመርመር ያገለግላል። እዚያ ሐኪምም የደም ምርመራም አለ። የደም ስኳርን ሊጨምር ይችላል፤ ካንሰር ያለበት ሰው ደግሞ ቴሳሞሬሊን አይሰጠውም። ከቤት ሆኖ በኦንላይን ያዘዘውን ሰው ማን ያጣራለታል? ብልቃጡ ውስጥ ያለው የተባለው ነገር መሆኑንስ?

የሩጫ ልጆቻችን ደግሞ ይህን ይወቁ። ሁለቱም ቤተሰቦች በዓለም አቀፉ የፀረ-ዶፒንግ ኤጀንሲ ዝርዝር ላይ ምንጊዜም የተከለከሉ ናቸው። "ቶሎ ከሰውነት ይወጣል" የሚል አሠልጣኝ ካለ፣ ክልከላው ከውድድር ውጭም እንደሚሠራና መርማሪውም ቤት ድረስ እንደሚመጣ ንገሩት።