የሞርፊኑ መዝገብ ለማን ነው የሚጻፈው?

ሌሊት ሰባት ሰዓት ነው እንበል። ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሕመምተኛ በሥቃይ ይጮኻል። ሐኪሙ ሞርፊን፣ ማለትም ሱስ ሊያስይዝ የሚችል ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ፣ 5 ሚሊግራም ያዛል። አምፑሉ (መድኃኒቱ የታሸገበት ትንሽ ብልቃጥ) ግን 10 ሚሊግራም ነው። ነርሷ ግማሹን ትወጋዋለች፣ ግማሹ ሲሪንጅ ውስጥ ይቀራል። ጠዋት መዝገቡ ላይ የሚነበበው «ሞርፊን፣ 1 አምፑል» ብቻ ነው። ቀሪው የት ገባ? ተደፍቶ ይሆናል። ከሁለት ሰዓት በኋላ ለዚያው ሰው ተሰጥቶም ይሆናል። ሌላም ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ሲሆን ምን መደረግ እንዳለበት ባለሙያው ሁሉ ያውቃል። የተረፈው በሁለት ሰው ፊት ይወገዳል፣ መጠኑ ይጻፋል፣ ሁለቱም ይፈርማሉ፣ ባዶው አምፑል ወደ ፋርማሲ ይመለሳል። ችግሩ በሌሊት ዲዩቲ ሁለተኛው ሰው ከየት ይምጣ ነው። ስለዚህ ጠዋት ርክክብ ላይ፣ ያላየው ሰው ይፈርማል። ባላንሱ፣ ማለትም በመዝገቡ ያለውና በእጅ ያለው መጠን፣ ልክ ይመጣል፣ ሁሉም በሰላም ወደ ቤቱ ይሄዳል።

እኔ የምፈራው ይሄንን «ልክ የመጣ» መዝገብ ነው። ዓመቱን ሙሉ አንድም ልዩነት፣ አንድም የተሰበረ አምፑል የሌለበት መዝገብ ካያችሁ ጠርጥሩ። አምፑል ይሰበራል። ሰው የሚቀጣው ልዩነቱን በመጻፉ ከሆነ ግን ማንም አይጽፈውም።

መዝገቡን ሌባ መያዣ አድርገን ስለምናየው ትልቁ ሥራው ይረሳናል። እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣው የናርኮቲክ መድኃኒቶች (ሞርፊንና መሰሎቹ) ዓለም አቀፍ ስምምነት አገሮች በየዓመቱ የሚያስፈልጋቸውን መጠን ገምተው እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። ግምቱ የሚላከው ቪየና ላለው ዓለም አቀፍ የናርኮቲክስ ቁጥጥር ቦርድ ነው። ከግምቱ በላይ ማስገባት አይቻልም፤ ተጨማሪ ግምት መላክ ቢቻልም ጊዜ ይፈጃል። ግምቱን ለማውጣት ደግሞ ቀላሉ መንገድ ያለፈውን ዓመት ፍጆታ ማየት ነው። ማለትም ነርሷ ሌሊት የጻፈችው ቁጥር ተደማምሮ ተደማምሮ እዚያ ይደርሳል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚበላሸው። ሞርፊን ለሦስት ወር ከመደርደሪያ ጠፋ እንበል። በእነዚያ ወራት ፍጆታው ዜሮ ነው። ያንን ዜሮ እንዳለ የሚደምር ሰው «ፍላጎት ቀንሷል» ይላል። በቀጣዩ ዓመት ትንሽ ይታዘዛል፣ እሱም ቶሎ ያልቃል። ካንሰር ይዞት በሥቃይ ቤቱ የተኛው ሰው በየትኛውም ሰነድ ላይ የለም። መድኃኒቱ የጠፋባቸው ቀናትና ባዶ እጃቸውን የተመለሱት ማዘዣዎች መመዝገብ አለባቸው የምለው ለዚህ ነው። ቢን ካርዱ (የመደርደሪያው የዕቃ መቆጣጠሪያ ካርድ) ላይ ገቢና ወጪ ብቻ መሙላት አይበቃም። የዕቃ ገቢና ወጪ ደረሰኞቹ ሞዴል 19 እና 22 የሚናገሩት ስለገባና ስለወጣ ዕቃ ነው፤ ስለታጣው አይናገሩም።

«ቁጥጥሩ ከላላ መድኃኒቱ ለሱስ ይውላል» የሚሉ አሉ። ስጋቱን አልንቀውም። ያለ ማዘዣ የሚሸጠው ትራማዶል የተባለው የሕመም ማስታገሻ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ግን ላንሴት መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣውን ቁጥር እዩት። በዓለም በዓመት ከሚሰራጨው 298.5 ቶን በሞርፊን ልክ የተሰላ የሕመም ማስታገሻ፣ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ነው። የእኛ ዋናው በሽታ እጥረቱ ነው። ዩጋንዳ ከዱቄት የተበጠበጠ የሚጠጣ ሞርፊን ለሕመምተኞች ታቀርባለች፣ የሠለጠኑ ነርሶችም እንዲያዝዙት ከፈቀደች ሃያ ዓመት አልፏል። እዚያም መድኃኒቱ በቁጥጥር ሥር ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከምሽት ተረኞች መካከል፣ ከሌላ ክፍልም ቢሆን፣ ሁለተኛ ፈራሚ በስም ይመደብ። መዝገቡ «የተሰጠ» እና «የተወገደ» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ይኑሩት፣ ሁለቱም በሚሊግራም። በዚያው ሰዓት የተጻፈ ጉድለት እንደ ሪፖርት ይታይ፤ ምርመራው ለተደጋገመውና ለተደበቀው ይቀመጥ። ተቆጣጣሪውም ሲመጣ «ባላንሱ ልክ ነው ወይ?» ከማለቱ በፊት «ስንት ቀን ባዶ ነበራችሁ?» ብሎ ይጠይቅ። ለዚህ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም።