አልጃጀሁም! አምስት ሰከንድ ብቻ ስጡኝ

ኧረ በፈጠራችሁ! ሰው ቃል ሲጠፋበት ትንሽ መታገስ ይሄን ያህል ይከብዳል?

ትናንት ማታ ነው። አምፖል ልቀይር ብዬ ልጄን «እስቲ ያንን… ያንን አምጣልኝ» አልኩት። ቃሉ አፌ ላይ መጥቶ ቆመ። ዕቃው ይታየኛል እኮ! ሁለት እግሩ፣ ሦስተኛዋ መወጣጫ ላይ የፈሰሰችው ነጭ ቀለም ሳትቀር ይታየኛል። ስሙ ግን የለም። ልጄ ሆዬ «ወንበር?» አለ። «አይደለም።» «ደረጃ?» «ኧረ ቆይ አንተ!» እህቱ ከወዲያኛው ክፍል «አሳንሰር!» ብላ ጮኸች፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ በኋላማ ባስብ ባስብ የሚመጣልኝ «ደረጃ፣ ደረጃ» ብቻ ሆነ። እነሱ የወረወሩት የተሳሳተ ቃል በሩ ላይ ተገትሮ ትክክለኛውን አላሳልፍ አለው። «አባዬ፣ ጃጀህ እኮ» ተባልኩ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለሽንት ስነሳ፣ ማንም ሳይጠራው፣ «መሰላል» ከች!

እስቲ ፍረዱኝ፤ የጠፋ ነገር እንዲህ በገዛ እጁ ይመለሳል? በዕድሜ የሚላላው የቃሉን ትርጉም ከድምፁ ጋር የሚያያይዘው ክር ነው። ትርጉሙማ ቦታው ላይ ቁጭ ብሏል። የሰው ስም ደግሞ ይብሳል። «ሐኪም» ስትሉ መርፌው፣ ነጩ ጋውን፣ ወረፋው ሁሉ ቃሉን ይጎትቱላችኋል፤ የአንድ ሰው ስም ግን በአንድ ቀጭን ክር የተንጠለጠለ ነው። ስለዚህ ፊትህን አውቄ ስምህን ስፈልግ ብታየኝ አትቀየም፤ አልረሳሁህም።

አንዱ ወዳጄ ደግሞ «የአንጎል ሴል ከ40 በኋላ እንደ ቅጠል ይረግፋል» እያለ ያስፈራራኛል። ከየት እንዳመጣው እንጃ። ጭንቅላታችን ውስጥ 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሴሎች አሉ፤ በጤናማ እርጅና አብዛኞቹ እዚያው ናቸው። ይኮማተራሉ፣ ቅርንጫፋቸው ይሳሳል፣ እርስ በርስ የሚነካኩበት ቦታ ይቀንሳል፤ መልእክት የሚያመላልሱት ሽቦዎች ልባስም ያረጃል። ቅነሳው እንኳ እኩል አይደለም፦ ከግንባር ጀርባ ያለው ክፍልና አዲስ ትውስታ የሚመዘግበው ሂፖካምፐስ ይበልጥ ሲኮማተሩ፣ ከኋላ ያለው የእይታ ክፍል ብዙም አይነካም። ውጤቱ? መዘግየት። በቃ!

ፍጥነት ደግሞ መውረድ የሚጀምረው ገና በወጣትነት ነው። አዎ፣ አንተ 35 ዓመት ሞልቶህ የምትስቅብኝን ነው! የቃላት ሀብት ግን 60 እስኪሞላም ሲጨምር ይኖራል። ልጄ ማመልከቻ መጻፍ ሲያቅተው ማን ጋ እንደሚመጣ ይጠየቅ።

የሚያበግነኝ ሌላው ነገር ያ በስልክ የሚላከው ባለ 6 አኃዝ ኮድ ነው። አነበዋለሁ፣ ወደ አፑ እመለሳለሁ፣ አራተኛው ቁጥር ላይ ስደርስ ከላይ አንድ የማይረባ ማስታወቂያ ዱብ ይላል። አለቀ። ቁጥሩ ተነነ። ተመልሼ አየዋለሁ፣ «ጊዜው አልፏል» ይለኛል። በዕድሜ የሚደክመው ይኸው ነው፤ አንድን ነገር በአእምሮ ይዞ የሚያዘናጋውን ወደ ጎን መግፋት። አፑን የሚሠሩት ልጆች ግን ለሁሉም ሰው በ25 ዓመት ጎረምሳ ልክ ነው የሰፉት።

ቢሮ ደግሞ ቃል በጠፋኝ ቁጥር «አልዛይመር» የምትል የሥራ ባልደረባ አለችኝ። እህቴ፣ እሱ በሽታ ነው! ስሙን የሰጠው ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1906 ለሙያ ባልደረቦቹ የሕመሟን ታሪክ ያቀረበላት ሴት ሕክምና ስትጀምር 51 ዓመቷ ነበር፤ አሮጊት አልነበረችም። ቁልፍ የት እንዳስቀመጥኩ ብረሳ ተይኝ። ቁልፉ ምን እንደሚሠራ ግራ ከገባኝ፣ ወይ በየቀኑ የምመላለስበት መንገድ ከጠፋኝ፣ ያኔ እጄን ይዘሽ ሐኪም ጋ ውሰጂኝ።

ይህን እየጻፍኩ ልጄ ኤርፎኑን ፍለጋ ቤቱን እያተራመሰ ነው። 24 ዓመቱ ነው፤ ማንም ጃጀህ አላለውም። ዛሬ ጠዋት አምፖሉን ሲቀይር መሰላሉ አናት ላይ ሲያስቀምጠው አይቻለሁ። አልነግረውም። ያስታውስ፤ እኔ አልቸኩልም።