ማስተካከያ፦ መኪናውን ትነዳ የነበረችው ዴዚ ናት

ስለ ኤፍ. ስኮት ፊትዝጄራልድ ልብ ወለድ «ታላቁ ጋትስቢ» በሰፊው ሲዘዋወር የሰነበተው ማጠቃለያ፣ ሜርትል ዊልሰን የተባለችውን ሴት በመኪና ገጭቶ የገደላት ጋትስቢ እንደሆነ ይናገራል። ስህተት ነው። በ1925 እ.ኤ.አ. የታተመው ልብ ወለድ ራሱ በምዕራፍ 7 ጉዳዩን ግልጽ ያደርገዋል፦ ተራኪው ኒክ ሲጠይቀው፣ የጋትስቢን ቢጫ መኪና ትነዳ የነበረችው የሚያፈቅራት ዴዚ መሆኗን ጋትስቢ ይነግረዋል፤ ቢጠየቅ ግን ነጂው እኔ ነኝ ሊል ወስኗል። ሜርትል ወደ መኪናዋ የሮጠችው ደግሞ ቀደም ብሎ በዚያው ቀን ውሽማዋ የሆነው የዴዚ ባል ቶም ሲነዳት ስላየችው ነው።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በማጠቃለያው ተመርኩዞ ድርሰት የሚጽፍ ተማሪ የጋትስቢን መገደል ለጥፋቱ የተከፈለ ዋጋ አድርጎ ይተረጉመዋል። በመጽሐፉ ግን የሞተው በሌላ ሰው ጥፋት ነው። የመኪናዋ ባለቤት ማን እንደሆነ ጋትስቢን ለገደለው ለሜርትል ባል ለዊልሰን የነገረው ቶም መሆኑን ምዕራፍ 9 ላይ ራሱ ይናገራል። ዴዚም ለቀብሩ አበባ እንኳ አልላከችም።