«ይሄ ምንድነው?» ባንላቸውስ?

ትንሽ ልጅ ወረቀት እየቀደደ ሲለጥፍ ያየ ትልቅ ሰው አንድ ጥያቄ አያጣም፦ «ይሄ ምንድነው?» ልጁ ትንሽ ያስብና «ቤት» ይላል። ቤት አልነበረም። ቤት ያደረገው የእኛ ጥያቄ ነው።

ረቂቅ ሥዕል፣ ማለትም አንድን ነገር ለመምሰል ሳይሞክር በቅርፅና በቀለም ብቻ የሚሠራ ሥዕል፣ ለሕፃናት ይከብዳል የሚባለው አይዋጥልኝም። የሦስት ዓመት ልጅ ሲሞነጫጭር የሚያስደስተው መስመሩና ቀለሙ ነው፤ ምን መሰለ ብሎ አይጨነቅም። የሚከብደውስ ለእኛ ነው። ሥዕል ማለት የግድ አበባ ወይ መኪና የሚመስል ነገር ነው ብለን አድገናል።

ለዚህ ከኮላጅ፣ ቁርጥራጭ እየለጠፉ ሥዕል ከመሥራት፣ የሚቀል የለም። የቆየ መጽሔት፣ የስጦታ መጠቅለያ፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ፣ ኮላ፤ በቃ። መቀስ ያልለመደ ልጅ በእጁ ይቅደድ። እንዲያውም ለእኔ የተቀደደ ጠርዝ ከተቆረጠው ይበልጥ ያምራል። ኮላውን ግን ቶሎ አትስጡት። መጀመሪያ ቁርጥራጮቹን እንደፈለገ ያንቀሳቅስ። ቀዩን ከሰማያዊው ያስጠጋው፣ መልሶ ያርቀው፣ ትንሹን ትልቁ ላይ ይደርበው። በእርሳስ የተሰመረ መስመር እንዲህ ከቦታ ቦታ አይሄድም። ልጁ ስለ ሚዛንና ስለ ባዶ ቦታ የሚማረው ገና ምንም ሳይለጠፍ ነው።

የልጅ ጨዋታ ብቻ ከመሰላችሁ ፈረንሳዊውን ሠዓሊ ሄንሪ ማቲስን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1941 ከባድ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት እንደ ድሮው ቆሞ መሥራት አቃተው። ቀስ በቀስ ዋና መሣሪያው መቀስ ሆነ። ረዳቶቹ ወረቀት ቀለም ይቀባሉ፣ እሱ ይቆርጣል። በ1953 የጨረሰው «ቀንድ አውጣ» ቁመቱም ወርዱም ሦስት ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረው። ሲያዩት ግን ቀንድ አውጣ አይመስልም። ያለው ክብ ሠርቶ የሚዞር ደማቅ ወረቀት ነው። ለልጅ አሳዩት፤ ዙሩን በጣቱ ይከተለዋል።

በየመዋዕለ ሕፃናቱ የሚያናድደኝ መምህሯ ቆርጣ ያዘጋጀችው ቢራቢሮ ነው። ልጆቹ ክንፍ ይለጥፋሉ፣ ግድግዳው በአንድ ዓይነት ቢራቢሮ ይሞላል፣ ወላጅም ደስ ይለዋል። እውነት ለመናገር፣ ጣት ያፍታታ ይሆናል። ልጁ የወሰነው ነገር ግን የለም።

ታዲያ ምን እንበል? ያያችሁትን። «እዚህ ጋ ቢጫው በዝቷል»፣ «ይሄኛው ሊወድቅ የደረሰ ይመስላል።» ዝም ማለትም ይቻላል። ሲጨርስ ጠርዙን አታስተካክሉለት። ከመስቀላችሁ በፊት የቱ ጎን ወደ ላይ እንደሚሆን ጠይቁት። ነገ ሐሳቡን ከቀየረ ገልብጣችሁ ስቀሉት።